ዜኖንን በ40 ቋንቋ፦ የአንድ ሰሌዳ የሥራ ማስታወሻ

ሳምንት 1፦ ዝርዝሩ

ሥራው ይሄ ነው። 120 በ80 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኮምፔንሳቶ ላይ ዜኖን የሚባለውን ጋዝ ስም በብዙ ቋንቋ፣ በየቋንቋው በራሱ ፊደል መጻፍ። በፕሪንተር አትሞ መለጠፍ አይደለም። ስቴንስል (የፊደሉ ቅርፅ ተቆርጦ የወጣለት ማስቀቢያ) ቆርጬ በቀለም ነው የምሠራው።

ከኖብል ጋዞች (ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር በቀላሉ ከማይዋሃዱት) ሁሉ ዜኖንን የመረጥኩት በስሙ መነሻ ድምፅ ምክንያት ነው። ኒዮን ብዙ ቦታ ያው ኒዮን ነው። አርጎንም እንደዚያው። ዜኖን ግን አንዱ ጋ «ዜኖን»፣ ሌላው ጋ «ክሴኖን»፣ ሌላው ጋ «ሴኖን»፣ ደግሞ ሌላው ጋ «ሼኖን» ይሆናል። አንድ ፊደል ናት፣ የላቲኗ ኤክስ (X)፣ ይህን ሁሉ ያመጣችው። ይህን በዓይን ማሳየት ፈለግሁ።

ዒላማዬ 54 ቋንቋ ነው። የዜኖን አቶሚክ ቁጥር (በአቶሙ ውስጥ ያሉት ፕሮቶኖች ብዛት) 54 ስለሆነ ቁጥሩ ደስ አለኝ።

መጀመሪያ ሰንጠረዥ ከፈትኩ። አምስት ዓምድ አለው፦ የቋንቋው ስም፣ ስሙ በቋንቋው ፊደል፣ አነባበቡ በእኛ ፊደል፣ የፊደሉ ዓይነት፣ «ተረጋግጧል ወይስ አልተረጋገጠም»። መጨረሻ ላይ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ አምስተኛው ዓምድ ነው። በሁለት መዝገበ ቃላት ወይም በቋንቋው በተጻፈ የኬሚስትሪ መጽሐፍ ያላየሁት ስም «ተረጋግጧል» አይባልም ብዬ ወሰንኩ።

ሁለተኛው ቀን ላይ ፋይሉ ተበላሸ። ዝርዝሩን በተራ ጽሑፍ አስቀምጬ በኤክሴል ስከፍተው ከላቲን ውጪ ያለው ፊደል ሁሉ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ መጣ። የኛውም ፊደል ጭምር። ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል ኮድ ተቀምጧል፣ ኤክሴል ግን በሌላ ኮድ ነው ያነበበው። በቀጥታ ከመክፈት ይልቅ «አስመጣ» በሚለው በኩል ገብቼ ኮዱን ዩቲኤፍ-8 ብዬ ስመርጥ ሁሉም ተመለሰ። የከፋው ስህተቴ ግን ሌላ ነበር። የተበላሸውን ሳላስተውል «አስቀምጥ» ብዬዋለሁ። አሥራ አንድ ቋንቋ እንደገና መጻፍ ነበረብኝ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ቀን የተጻፈበት ቅጂ አስቀምጣለሁ።

ወጪ እስካሁን፦ ወደ ዘጠኝ ሰዓት። ዕቃ ገና አልነካሁም።

ሳምንት 2፦ ፈላስፋውና ጋዙ

የዓረብኛውን ስም ፈልጌ አገኘሁ፤ «ዚኑን» የሚል። ብዙ ቦታ ስለተገኘ በፍጥነት «ተረጋግጧል» አልኩት። ዓረብኛ ለሚያነብ ጓደኛዬ ምንጮቼን አሳየሁት። አንዱን ገጽ ትንሽ አነበበና «አንተ፣ ይሄ እኮ ስለ ፈላስፋው ነው እንጂ ስለ ጋዙ አይደለም» አለኝ።

እውነቱን ነው። የጥንቱ የግሪክ ፈላስፋ፣ ስለ አኪለስና ስለ ኤሊዋ ሩጫ እንቆቅልሹ የሚታወቀው የኤልያው ዜኖን፣ በዓረብኛ ልክ እንደ ጋዙ ነው የሚጻፈው። በግሪክ ግን ሁለቱ አይገናኙም። የፈላስፋው ስም በ«ዜታ» ይጀምራል፣ የጋዙ በ«ክሲ»። ሁለት የተለያዩ ፊደላት፣ ሁለት የተለያዩ ድምፆች። ወደ ዓረብኛ ሲሻገሩ ልዩነቱ ጠፋ። በፋርስኛም «ዘኖን» ሲባል ሁለቱም ሊሆን ይችላል። አማርኛም ላይ «ዜኖን» ብለን ስንጽፍ ያው ነው። ሰውየውም ጋዙም አንድ ይሆናሉ።

ይህ ስህተት የሰንጠረዡን አሠራር ቀየረው። አንድ ዓምድ ጨመርኩ፤ «ምንጩ በእርግጥ ስለ ጋዙ ነው?» የሚል። ከዚያ በኋላ ገጹ ላይ 54 የሚለው ቁጥር ወይም የኬሚስትሪ ምልክቱ ኤክስኢ (Xe) ከሌለ አልቀበልም። በዚህ ማጣሪያ ተረጋግጠዋል ካልኳቸው ውስጥ ስድስት ምንጮች ወደቁ። የዓረብኛው ስም ትክክል ሆኖ ቢገኝም ማስረጃው እንደገና ተፈልጓል።

የስሙን ታሪክም በዚሁ ሳምንት በደንብ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1898 በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ኬሚስቶቹ ዊልያም ራምሴና ሞሪስ ትራቨርስ አየርን በቅዝቃዜ ወደ ፈሳሽ ለውጠው ክፍሎቹን አንድ በአንድ እያተነኑ ይለዩ ነበር። ግንቦት መጨረሻ አካባቢ ክሪፕቶንን አገኙ። ቀጥሎ ኒዮን መጣ። ሐምሌ ላይ ክሪፕቶኑን ሲያጣሩ ከሁሉ የከበደና የዘገየ ቅሪት ቀረ። ብርሃኑን ቀለሞቹን በሚለያይ መሣሪያ፣ በስፔክትሮስኮፕ፣ ሲያዩት ከሚያውቁት ንጥረ ነገር ሁሉ የተለየ መስመር ሰጠ። ራምሴ በግሪክ «ክሴኖን» አለው። «ክሴኖስ» ማለት ባዕድ፣ እንግዳ ማለት ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት አዲስ ጋዝ! ስሞቹን ጎን ለጎን ስታያቸው ደስ ይላሉ፦ ክሪፕቶን የተደበቀው፣ ኒዮን አዲሱ፣ ዜኖን እንግዳው።

ሳምንት 3፦ ሁለት በር

አሁን ብዙ ቋንቋ ተሰብስቦልኛል። በአነባበብ ዓምድ ስደረድራቸው ለሁለት ተከፈሉ።

አንደኛው ወገን «ክስ» ብሎ ይጀምራል። ጀርመንኛ፣ ሩሲያኛ፣ ፖላንድኛ፣ ፊንላንድኛ፣ ቱርክኛ፣ ጆርጂያኛ፣ አርመንኛ፣ ዕብራይስጥ እዚህ ናቸው። ሌላው ወገን እንግሊዝኛን ተከትሎ በ«ዝ» ይጀምራል። ዓረብኛና ሂንዲ እዚህ ናቸው። አማርኛም እዚሁ።

ከሁለቱ የወጡም አሉ። ስፓኒሽ በቃል መጀመሪያ ላይ ያቺን ፊደል «ስ» ነው የሚላት፤ ስለዚህ «ሴኖን»። ፖርቱጋልኛ «ሽ» ይላታል። ብራዚል ውስጥ ስሙ ጅራት ጨምሮ «ሼኖኒዮ» ሆኗል፣ ፖርቱጋል ውስጥ ግን ጅራት የለውም። አንድ ቋንቋ ነው፤ ውቅያኖስ ሲሻገር ስሙ ተለወጠ። ጣሊያንኛ ደግሞ መጨረሻውን ቆርጦ «ክሴኖ» ብሎታል።

ከሁሉ ያስተማረኝ ኮሪያኛ ነው። መጀመሪያ ያገኘሁት አሮጌ ምንጭ «ክሴኖን» የሚል ነበር፤ በጀርመኑ መንገድ። አዲስ ምንጭ ስከፍት «ጄኖን» ይላል። አንደኛው ስህተት መስሎኝ ሁለት ማታ ፈጀሁበት። ስህተት የለም። ኮሪያውያን የኬሚስትሪ ስሞቻቸውን ከጀርመኑ ሥርዓት ወደ እንግሊዝኛው አዙረዋል። ለምሳሌ ድሮ «ናትሪዩም» ይሉት የነበረውን አሁን «ሶዲየም» ይሉታል። በኮሪያኛ የ«ዝ» ድምፅ ስለሌለ በ«ጅ» ተተካና «ጄኖን» ሆነ።

ይሄ ሰሌዳውን ራሱን ለወጠው። የስሙ የመጀመሪያ ድምፅ ትምህርቱ በየትኛው በር እንደገባ ይናገራል። በጀርመንና በሩሲያ መጻሕፍት ያነበበ ሁሉ «ክስ» አለ። በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ያነበበ «ዝ» አለ። ስለዚህ ቀለሙ ሁለት ዓይነት ይሁን ብዬ ወሰንኩ። ለ«ክስ» ጥቁር ሰማያዊ፣ ለ«ዝ» ቀይ ቡናማ። በራሳቸው መንገድ ለሄዱት ጥቁር።

ቆጠራው ላይ ደግሞ ሌላ ችግር መጣ። ብዙ ቋንቋዎች አጻጻፋቸው አንድ ነው። እንግሊዝኛ፣ ጀርመንኛ፣ ደችኛ፣ ስዊድንኛ፣ ዴንማርክኛ፣ ኖርዌይኛ፣ ቼክኛና ሃንጋሪኛ ፊደል በፊደል አንድ ናቸው፤ አነባበቡ ነው የሚለያየው። አንድ ቃል ስምንት ጊዜ መቁረጥ ትርጉም የለውም። ስለዚህ አንድ አጻጻፍ አንድ ካርድ ይሆናል፣ ከሥሩ የቋንቋዎቹ ስም በትንሹ ይጻፋል።

የተለያዩትን አጻጻፎች በፕሮግራም ሳስቆጥር 26 አለኝ። በእጄ ስቆጥር 24። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ችግሩ ከላይ ምልክት ያለባቸው ፊደላት ላይ ነበር። ምልክት ያለው ፊደል በኮምፒውተር ሁለት ዓይነት አቀማመጥ አለው። አንድም ፊደሉና ምልክቱ በአንድ ኮድ ይቀመጣሉ፣ አሊያም ፊደሉ ለብቻ ምልክቱ ለብቻ። ለዓይን አንድ ናቸው፤ ለማሽኑ ግን ሁለት ቃል። ሁሉንም ወደ አንድ ዓይነት አቀማመጥ፣ ኤንኤፍሲ ወደሚባለው፣ ስመልሳቸው 24 መጣ።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ያላሰብኩትን አየሁ። ስፓኒሽና ስሎቫክኛ በጽሑፍ ፍጹም አንድ ናቸው፤ ሁለቱም መጨረሻው አናባቢ ላይ ጭረት አላቸው። ግን ጭረቷ አንድ ሥራ አትሠራም። በስፓኒሽ «እዚህ ጋ ጫን በል» ማለት ናት። በስሎቫክኛ «ይህን አናባቢ አስረዝመው» ማለት ናት። ፈረንሳይኛና የፖርቱጋሉ ፖርቱጋልኛም እንዲሁ ተመሳሳይ አጻጻፍ ይዘው በአነባበብ ይለያያሉ።

ሳምንት 4፦ ቻይና፣ ጃፓን፣ ባልቲክ

የቻይንኛው ካርድ አንድ ምልክት ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ብዙ ፊደል ሲደረድር አንዷ ብቻዋን ካርዱን ትሞላዋለች። አሠራሯ ያምራል። ከላይ እንደ ጣሪያ የተዘረጋው «ጋዝ» የሚል ምልክት ነው። ከሥሩ የተቀመጠው «ተራራ» ማለት ነው፤ እዚህ ግን ለትርጉሙ አይደለም፣ ለድምፁ ነው የገባው። ተራራ «ሻን» ይባላል፣ ጋዙ «ሺየን»። ቻይናውያን በዚህ ዘዴ ጋዝ ለሆኑ ንጥረ ነገሮች የጋዝን ጣሪያ፣ ለብረቶች የወርቅን ምልክት፣ ብረት ላልሆኑ ጠጣሮች የድንጋይን ምልክት ያደርጋሉ። ፊደሉን ያየ ሰው ንጥረ ነገሩን ባያውቀው እንኳ ጋዝ መሆኑን ያውቃል። ሌላ የትኛውም ካርዴ ይህን አይናገርም።

ጃፓንኛው «ኪሴኖን» ነው። ለምን «ኪ»? ጃፓንኛ ከ«ን» በቀር ተነባቢን ያለ አናባቢ አያቆምም። «ክስ» የሚል ጥንድ ሲመጣበት መሃል ላይ አናባቢ ያስገባል። የኛ ፊደል ሳድስ ስላለው «ክሴ» ብሎ በቀላሉ ይጽፈዋል። ይህን ማስታወሻ ላይ በትልቁ አሰመርኩበት፤ ለአምስተኛው ሳምንት ያስፈልገኛል።

ባልቲክ አካባቢ ስሙ የአገሬውን ልብስ ይለብሳል። ሊቱዌንያ «ክሴኖናስ»፣ ላትቪያ «ክሴኖንስ»። የወንድ ፆታ መድረሻ ጨምረውለት ነው። ኢስቶኒያ ኦውን ታስረዝመዋለች። ኤስፔራንቶ የሚባለው ሰው ሠራሽ ቋንቋ ስም ሁሉ በኦ ይለቅ ስለሚል «ክሴኖኖ» ሆኗል። ጆርጂያኛ መጨረሻው ላይ ኢ ጨመረ።

54ን ተውኩት። ያረጋገጥኩት 40 ቋንቋ ነው። የቀሩትን ለማስገባት ስም መገመት ይጠይቃል፤ ግምት ደግሞ በቀለም አይጻፍም። 40 ቋንቋ፣ 24 አጻጻፍ፣ 13 የፊደል ዓይነት። ሲሰላ 24 ካርድ በ6 ዓምድና በ4 ረድፍ ይገባል፤ እያንዳንዱ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር። ኮምፔንሳቶውን ልክ ይሞላዋል። ለርዕስና ለግርጌ ቦታ አልተረፈም፤ የግርጌውን ጽሑፍ በተለየ ጣውላ እሠራዋለሁ።

ሳምንት 5፦ የአማርኛው ካርድ

ቀላሉ ይሄ መስሎኝ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ በላው።

በአማርኛ ጽሑፎች ላይ «ዜኖን»፣ «ዜነን»፣ «ዚነን» ሁሉም ይገኛሉ። «ክሴኖን»ም አለ። የትኛውን ልቁረጥ?

መጀመሪያ ያቺ ፊደል በአማርኛ የተውሶ ቃላት ውስጥ እንዴት እንደምትሆን ዝርዝር ሠራሁ። ታክሲ። ኦክስጅን። ኤክሴል። ቦክስ። ሁሉም «ክስ» ናቸው። በቃል መጀመሪያ ላይ ስትሆን ግን «ዝ» ትሆናለች። ይህን ከሁሉ የበለጠ የሚያሳየው «ዜሮክስ» ነው። አንድ ቃል ውስጥ ሁለቱም አሉ። መነሻው ላይ «ዜ»፣ መድረሻው ላይ «ክስ»። ይህ የኛ ሕግ አይደለም፤ የእንግሊዝኛ ሕግ ነው፣ እንዳለ ከቃሉ ጋር ገብቷል።

ከእንግሊዝኛ በፊትስ? መጽሐፈ አስቴር ላይ ያለው ንጉሥ አርጤክስስ በግሪክ አርታክሰርክሰስ ነው። ስሙ ከግሪክ ሲመጣ «ክስ» ሆኖ ነው የመጣው። ስለዚህ በኛው ፊደል ውስጥ ሁለቱም በር አለ። ድሮ ከግሪክ የገባው «ክስ»፣ አሁን በእንግሊዝኛ የገባው «ዝ»። ፊደላችንም «ክሴ»ን ያለምንም ችግር ይሸከማል፤ እንደ ጃፓንኛ አናባቢ መጨመር አያስፈልገውም።

ለሁለት ቀን «ክሴኖን» ብዬ ወስኜ ነበር። ለግሪኩ ይቀርባል፣ ከፈላስፋውም ይለየዋል። ከዚያ ለሦስት ሰዎች ወረቀት ላይ ጽፌ አሳየሁ። ሦስቱም ቆም ብለው አሰቡ። «ዜኖን» ብዬ ስጽፍላቸው ወዲያው «የመኪና መብራቱ?» አሉ። ሰሌዳው የሚያሳየው ሰው የሚለውን ነው። እኔ ቢባል የምወደውን አይደለም። «ዜኖን» ሆነ።

ግን ይህ ሳምንት ሌላም ነገር ሰጠኝ። የግሪኩ «ክሴኖስ» ሁለት ትርጉም አለው። የማይታወቅ ባዕድ ሰውም ነው፣ ቤት የሚቀበሉት እንግዳም ነው። ለዚህ ሁለት ትርጉም ስንት ቋንቋ አንድ ቃል አለው? እንግሊዝኛ ለሁለት ይከፍለዋል። አማርኛ ግን አንድ ቃል አለው፤ «እንግዳ»። «እንግዳ መጣ» ስንል ተቀባይ አለው። «እንግዳ ነገር» ስንል አይተነው አናውቅም ማለት ነው። ማቴዎስ 25፥35 ላይ «እንግዳ ሆኜ» የሚለው በግሪኩ ያው «ክሴኖስ» ነው። ራምሴ ለጋዙ ያወጣለትን ስም ሳይሸራረፍ መተርጎም ከሚችሉ ቋንቋዎች አንዱ የኛ ነው። ይህን ሳገኝ ተነሥቼ ክፍሉን ዞርኩት።

ታዲያ ለምን አልተረጎምነውም? የተረጎመው ሌላ ቋንቋ ይኖር እንደሆነም ተመለከትኩ። ከ40ዎቹ ውስጥ የተረጎመ የለም። ኦክስጅንን ጀርመኖች «ዛወርሽቶፍ»፣ ሩሲያውያን «ኪስሎሮድ» ብለው በራሳቸው ቃል ሰይመዋል፤ ሁለቱም ከኮምጣጣነት የወጡ ናቸው። ዜኖን ላይ ሲደርሱ ግን ሁለቱም የግሪኩን እንዳለ ወሰዱት። በዘመኑ የሳይንስ ስም ከአገር አገር የሚዘዋወር የጋራ ዕቃ ሆኖ ስለነበር ይመስለኛል። ትርጉሙ በግልጽ የሚታየው ለግሪኮች ብቻ ነው። የዛሬው ግሪክኛ ጋዙን «ክሴኖ» ይለዋል፤ ያው ቃል በተራ ንግግር «ባዕድ የሆነ» ማለት ነው።

ሳምንት 6፦ ፎንት

ኮምፒውተር ላይ ካርዶቹን ማስተካከል ጀመርኩ። መጀመሪያ የመረጥኩት ፎንት ላቲን፣ ግሪክና ሲሪሊክ (የሩሲያኛ ፊደል) ብቻ ነው ያለው። ሌላው ባዶ ሳጥን ሆነ። በነፃ የሚገኘውን ኖቶ የሚባለውን የፎንት ቤተሰብ አወረድኩ። ስሙ ራሱ ያንን ባዶ ሳጥን ለማጥፋት ነው የወጣው፤ ሳጥኗን የሙያው ሰዎች «ቶፉ» ይሏታል፣ «ኖቶ» ደግሞ «ቶፉ ይቅር» ማለት ነው። 13ቱም የፊደል ዓይነቶች በአንድ ዓይነት ውፍረት ተገኙ። ትልቅ እፎይታ።

ዓረብኛው ግን ተገለበጠ። የሥዕል ፕሮግራሙ ፊደሎቹን ከግራ ወደ ቀኝ፣ አንድ በአንድ ነጣጥሎ ደረደራቸው። ዓረብኛ ፊደል ከጎረቤቱ ጋር ሲያያዝ ቅርፁን ይለውጣል፤ ፕሮግራሙ ይህን አያውቅም። ስታየው ዓረብኛ ይመስላል፣ ግን ማንም አያነበውም። ይህን ሳላውቅ አትሜ ቆርጬ ቢሆን ኖሮ! ቃሉን በጽሑፍ ማቀናበሪያ ጽፌ፣ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሬ፣ ከዚያ እንደ ቅርፅ አስገባሁት። ለፋርስኛና ለዕብራይስጥም እንደዚያው አደረግሁ። ዕብራይስጥ ባይያያዝም አቅጣጫው አንድ ነው።

የህትመት ወጪ፦ 41 ኤ4 ወረቀት። ሊሠራ የሚገባው በ24 ነበር። የቀረው 17 የፎንትና የአቅጣጫ ስህተት ነው።

ሳምንት 7፦ ስቴንስል

ወፍራም የፕላስቲክ ወረቀት፣ ካተር፣ የብረት ማስመሪያ፣ ከሥር የምዘረጋው መቁረጫ ምንጣፍ። የታተመውን ወረቀት በፕላስቲኩ ላይ በቴፕ አስሬ በላዩ ቆረጥኩ።

የመጀመሪያው ካርድ ላይ ሁሉም ኦዎች ጠፉ። ስቴንስል ስትቆርጥ የቀለበት መሃል ምንም የሚይዘው ነገር የለውም፣ ተቆርጦ ይወድቃል። ቀዳዳው ብቻ ይቀራል፤ ቀለም ሲቀባ ድፍን ክብ ይሆናል። መፍትሔው ድልድይ መተው ነው። ቀለበቱን ሙሉ አትቆርጥም፤ ከላይና ከሥር 2 ሚሊ ሜትር ታስቀራለህ። በኋላ በቀጭን ብሩሽ ክፍተቱን ትሞላዋለህ።

የኛ ፊደል እዚህ ላይ ፈትኖኛል። የ«ዜ» ቀለበትና የ«ኖ» ቀለበት ትናንሽ ናቸው፤ 2 ሚሊ ሜትር ድልድይ ስትተውላቸው ቀለበትነታቸው ይጠፋል። ቀለበቱ ደግሞ ጌጥ አይደለም። «ዜ» ያለ ቀለበት «ዜ» አይደለም። ድልድዩን ወደ 1 ሚሊ ሜትር አወረድኩት፤ ሁለት ጊዜ ተበጠሰ። ሦስተኛው ላይ ለዚህ ካርድ ብቻ ፊደሉን በ30 ከመቶ አሳደግሁት፤ ያኔ ያዘ።

ነጥቦቹ ደግሞ ሌላ መከራ ናቸው። የዓረብኛው ስም የሚጀምርበት ፊደል ነጥቡ ከተወሰደ «ዝ» መሆኑ ይቀርና «ር» ይሆናል። ሂንዲ ላይ ከፊደሉ ሥር ያለችው ነጥብ ከጠፋች «ዝ»ው «ጅ» ይሆናል። የሂንዲዋን ነጥብ ኅትመቱ ላይ ቆሻሻ መስላኝ ሳልቆርጣት አልፌ ነበር። ሰንጠረዡ ላይ ካለው ጋር ሳስተያይ ነው የያዝኳት። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ካርድ የነጥቦቹን ቁጥር ጥግ ላይ በእርሳስ ጻፍኩ። ቆርጬ ስጨርስ እቆጥራለሁ።

ነጥብ እየቆረጥኩ አንድ ነገር አሰብኩ። እ.ኤ.አ. በ1989 የኮምፒውተር ኩባንያው የአይቢኤም (IBM) ተመራማሪዎች 35 የዜኖን አቶሞችን በኒኬል ገጽ ላይ አንድ በአንድ እየገፉ የኩባንያቸውን ሦስት ፊደል ጽፈዋል። ከፍጹም ዜሮ (ከዚያ በታች ቅዝቃዜ ከሌለበት ወለል) በ4 ዲግሪ ብቻ ከፍ ባለ ቅዝቃዜ፣ አቶሞቹ ከቦታቸው እንዳይንሸራተቱ። ዜኖን ራሱ ቀለም ሆኖ ያውቃል ማለት ነው።

ወጪ፦ 11 የካተር ምላጭ፣ 29 ፕላስቲክ፣ አራት ማታ። ጣቴ ላይ አንድ ቁስል፤ ማስመሪያው ተንሸራቶ ነው። ከዚያ ወዲህ ከማስመሪያው ሥር የብርጭቆ ወረቀት ቁራጭ ለጥፌ እንዳይንሸራተት አድርጌዋለሁ።

ሳምንት 8፦ ቀለም

ኮምፔንሳቶውን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፣ ሁለት ዙር ነጭ ቀባሁ፣ በእርሳስ 24 ካሬ አሰመርኩ።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ካርዶች በስፕሬይ ቀባሁ። ቀለሙ ከስቴንስሉ ሥር ገብቶ ጫፎቹ ተበላሹ። ምክንያቱ ሁለት ነው። ስቴንስሉ ከእንጨቱ ጋር አልተጣበቀም፣ እኔም በአንድ ጊዜ ብዙ ረጨሁ። ሦስቱንም በብርጭቆ ወረቀት አጥፍቼ እንደገና ነጭ ቀባሁ። አንድ ቀን ሄደ።

ሁለተኛው ሙከራ በስፖንጅ። ስፖንጁን ቀለም ነክሮ፣ አብዛኛውን ወረቀት ላይ አራግፎ፣ እርጥበቱ ሲጠፋ ቀጥ ብሎ ወደታች መምታት። መጎተት የለም። ሦስት ስስ ዙር። ጫፉ ስለት ሆነ። ቀርፋፋ ነው ግን አስተማማኝ። በቀን አምስት ካርድ ይወጣል።

የግርጌው ጣውላ ላይ አጭር ጽሑፍ ነበረኝ፦ አቶሚክ ቁጥር 54፣ የተገኘበት ዓመት 1898፣ ከአንድ ቢሊዮን የአየር ክፍል 87ቱ ገደማ ዜኖን ነው፣ «ከማንም ጋር አይዋሃድም»። የመጨረሻዋን ሐረግ ቀብቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው ስህተት መሆኗ ትዝ ያለኝ። እ.ኤ.አ. በ1962 ኬሚስቱ ኒል ባርትሌት ዜኖንን ፕላቲነም ሄክሳፍሎራይድ ከሚባል ውሁድ ጋር አዋሕዶ ውሁድ ሠርቷል። ከዚያ በኋላ ብዙ የዜኖን ውሁዶች ተሠርተዋል። ጣውላውን ገልብጬ በጀርባው እንደገና ጻፍኩት፦ «በቀላሉ አይዋሃድም»። አንድ ቃል ናት፤ የግማሽ ቀን ሥራ አስከፈለች። ግን ስህተቱን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ከማየው ይሻላል።

ሳምንት 9፦ ምርመራ

23 ካርድ አልቋል። የዓረብኛ አንባቢው ጓደኛዬ መጥቶ የሱን አየ። ዓረብኛው አለፈ። ፋርስኛው ላይ የመጀመሪያዋ «ን» ነጥብ ወደ ጎን ሸሽታ የ«ዝ»ዋን ነጥብ ልትነካ ነው። በብሩሽ ተስተካከለች።

የአየርላንድኛው ስም ከነጭረቱ ተገልብጦ ወጣ። ስቴንስሉን ስቀባ ገልብጬ ነው የያዝኩት፤ ስቴንስሉን እስካነሣ ድረስ አልታየኝም። ሙሉ ካርዱ ተደመሰሰና እንደገና ተቀባ። አሁን ሁሉም ስቴንስል ላይ «ፊት» ብዬ በማርከር ጽፌያለሁ። ይህን በሳምንት 7 ማድረግ ነበረብኝ።

ከሩቅ ሆኜ ሳየው ሰማያዊው ይበዛል። «ዝ» የሚለው ወገን ከ24 ካርድ ጥቂት ነው። እንግሊዝኛ ያለበት ካርድ ከጀርመንኛና ከሃንጋሪኛ ጋር ስለሚጋራ ለሱ ሁለት ቀለም ተጠቀምኩ፤ ግማሹ ሰማያዊ፣ ግማሹ ቀይ ቡናማ። መሃሉን በቴፕ ሸፍኜ ሁለት ጊዜ ነው የቀባሁት። ከሁሉ ካርድ የምወደው እሱ ሆኗል።

የአማርኛውን ለመጨረሻ ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው። ዛሬ ማታ ቀባሁት። «ዜኖን» በቀይ ቡናማ፣ ቀለበቶቹ ሳይደፈኑ። ከሥሩ፣ ሌሎቹ ካርዶች የቋንቋ ስም በሚጽፉበት ቦታ፣ «አማርኛ» ካልኩ በኋላ ትንሽ ቦታ ተረፈኝ። በእጄ፣ ያለ ስቴንስል፣ በቀጭኑ ብሩሽ «እንግዳ» ብዬ ጻፍኩበት።

ሦስተኛው ዙር ገና እርጥብ ነው። ነገ ጠዋት ከደረቀ አራቱን ብሎን አስሬ እሰቅለዋለሁ።